ቺፑ ዲላ ላይ ኔትወርክ ያገኛል?

«እኔ በሰውነቴ ክትባት አላስገባም!» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ክርክር አልጀምርም። «እስቲ እጅጌህን ሰብስብ» እለዋለሁ። ዕድሜው ከ40 ያነሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቢሲጂ ጠባሳ ክንዱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እናቱ አዝላ ጤና ጣቢያ ስትወስደው አስተያየቱን አልጠየቀችውም፤ እሱም ያኔ ያቀረበው ተቃውሞ ቢኖር ለቅሶ ነው። ከ55 ከዘለለ ደግሞ የፈንጣጣው ማኅተም ሊኖር ይችላል። ሰውዬው በልጅነቱ ተከትቦ፣ ከኩፍኝ ተርፎ፣ ከፖሊዮ ተርፎ፣ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ ስማርት ፎን ገዝቶ ነው ክትባትን መቃወም የጀመረው። ባይተርፍ ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ይነግረን ነበር?

ዓምዱ የተረብ ነው። የሚቀየም ካለ ከአሁኑ ገጹን ይግለጥ፤ የማይቀየም ወንበር ሳብ ያድርግ።

የኮቪድ ክትባት ወሬ ዲላ የገባው እየሳቀ ነው። በመናኸሪያው ዙሪያ፣ በጀበና ቡናው በርጩማ ላይ፣ በባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ተሳፍሮ ነው የገባው። መልሱ ግን በደብዳቤ፣ ቁጥርና ቀን ይዞ፣ «ጉዳዩ፦ የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ስለማሳደግ» ተብሎ፣ ከታች ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሊት እየተባለ መጣ። አንደኛው ያስቃል፣ ሌላኛው ያስፈርማል። የትኛው ቶሎ እንደሚዛመት ለማወቅ ኤፒዴሚዮሎጂ መማር አያስፈልግም። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዲላም ሆነ በጌዴኦ ዞን ሁሉ ወሬውን አንገት ለአንገት የተናነቁት ደብዳቤ ጻፊዎቹ አይደሉም፤ አፋቸው የማያርፍ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ይግባኝ ይቻላል።

ከቺፑ እንጀምር። ቺፑ የሌለበት የክትባት ወሬ ጨው የሌለው ነው ይባል ነበርና።

«ክትባት ብለው ቺፕ ነው የሚያስገቡብን!» ይላል ባጃጅ ነጂው።

«በምን ይሠራል እሱ?» ትላለች ቡና አፍይዋ፣ ጀበናውን ሳትለቅ።

«በኔትወርክ ነዋ!»

«በዚሁ በዲላ ኔትወርክ ነው ወይስ የራሳቸው አላቸው? የራሳቸው ካላቸው እኔ ዛሬውኑ ልከተብ። ልጄ አረብ አገር ናት፤ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ስንባባል ካርዱ ያልቃል።»

«አትቀልጂ፣ የትም ብትሄጂ ይከታተሉሻል!»

«ከዚህ በርጩማ ወዴት ስሄድ አየኸኝ? የሚከታተለኝ ሰው ካለ መጥቶ ይቀመጥ፣ ቡናም ይግዛ።»

ባጃጅ ነጂው ቁርሱን ሳይቀር ቲክቶክ ላይ የሚለቅ ሰው ነው። የትኛው ሰፈር እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ ምን እንደበላ በራሱ አንደበት ለዓለም አስታውቆ ሲያበቃ ቢል ጌትስ በመርፌ እንዳይሰልለው ይፈራል። ወንድሜ፣ አንተን ለመሰለል መርፌ መግዛት ኪሳራ ነው። በነገራችን ላይ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ለሚፈልግ፣ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው አስትራዜኔካ የተሠራው ቺምፓንዚን ጉንፋን ከሚያሲዝ፣ እንዳይራባ ተደርጎ ከተዳከመ ቫይረስ ነው። ተሸክሞ የሚያመጣው የኮሮናን የላይ እሾህ መሥሪያ መመሪያ ብቻ ነው፤ ሰውነት እሾሁን አይቶ መልኩን ይይዛል፣ ዋናው ሲመጣ ያውቀዋል። ለባጃጅ ነጂው ይህ ሲነገረው ምን አለ መሰላችሁ? «አላልኳችሁም! ቺፕ ነው ስል ቺምፓንዚ ሆኖ ተገኘ!» ግማሹን ሰምቷል። ግማሽ መስማትም ከምንም ይሻላል።

ከቺፑ የባሰው የመካንነቱ ወሬ ነው። ይህኛው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ሴቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሲሰጣቸውም ያው ወሬ ነበር። ክትባቱ የሚሰጠው አራሷንና ጨቅላውን ከቴታነስ ለማዳን ነው፤ ወሬኛው ግን «ለምን ለሴቶች ብቻ?» ብሎ ከዚያው ነገር መካንነትን አወጣለት። ጌዴኦ ደግሞ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ በአንድ ተዳፋት ላይ እንሰቱም ቡናውም ጎጆውም ልጁም ተደራርቦ የሚኖርበት አገር። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ እዚህ ደርሶ ማፈር ነበረበት። አላፈረም።

አንድ የስድስት ልጆች አባት፣ ባለቤታቸው እርጉዝ ሆነው ሰባተኛ ወራቸው የገባ፣ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ቆመው ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ይሟገታሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ዘር ያጠፋል ይላሉ።»

«አባባ፣ መጀመሪያውን መርፌ መቼ ወሰዱ?»

«አምና፣ ገበያ ላይ የያዛችሁኝ ጊዜ።»

«እማማ ስንተኛ ወራቸው ነው?»

ዝም።

«አባባ፣ ይኼ መርፌ እርስዎን ማስቆም ቢችል ኖሮ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን ዘግቼ በእሱ ብቻ እሠራ ነበር።»

አባባ ስቀው ሁለተኛውን ዶዝ ወሰዱ። የዓለም ሳይንቲስቶች ስለ ክትባትና ስለ መውለድ የጻፉትን ብታነቡላቸው ይስቁ ነበር ብላችሁ ነው?

«የተከተበ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታል» የሚለውስ? ይህኛው ወሬ ቀን መቁረጡ ነው የጎዳው። ወሬኛ ብልህ ከሆነ «አንድ ቀን ይሞታል» ይላል፤ ያኔ ማንም አያሸንፈውም። ሁለት ዓመት ብሎ የፈረመ ግን ሁለት ዓመቱ ሲያልፍ የት ይገባል? የቡና ለቃሚው ጎረምሳ እንዲህ ብሎ ጨረሰው፦ «ትሞታለህ ያለኝ ሰውዬ ባለፈው ያበደረኝን ብር ሊጠይቀኝ መጣ። ሟች ነህ ብለኸኝ ምን አስበህ ነው ያበደርከኝ?»

እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በኮሮና የተያዘ ሰው አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ፤ ሰውዬው ጃፓናዊ ነበር፣ የመጣው ከቡርኪና ፋሶ። በዚያ ሰሞን በሽታው የት እንዳለ ያወቀ ሰው የለም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ የት እንዳለ ግን ሁሉም አወቀ። ዋጋቸው ጣራ ነካ። «ፌጦ ኮሮናን ይገድላል?» ቢሉት አንዱ «ኮሮናውን እንጃ፣ ኪሴን ግን ገድሎታል» አለ። ዝንጅብሉ ተፈላ፣ ዳማ ከሴው ተጨመቀ፣ አረቄው በመድኃኒት ስም በጠዋት ተጀመረ። የአረቄው ነገር ለብቻው ይነሣል፤ ከኮሮና በፊትም መድኃኒት ነበር፣ ከኮሮና በኋላም መድኃኒት ሆኖ ቀጥሏል፣ የሚያድነው በሽታ ብቻ ነው ያልተገኘው።

«ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም» ባዮችም ነበሩ። ይህን የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፦ የቡና አቅራቢ ነው! የይርጋጨፌን ቡና ጃፓን የሚጠጣው፣ ጀርመን የሚጠጣው፣ አሜሪካ የሚጠጣው እንደሆነ ጠዋት ማታ ይነግረናል። ቡናው ከይርጋጨፌ ተነሥቶ ቶኪዮ ሲደርስ መንገዱ ክፍት ነው፤ በሽታው ከቶኪዮ ሲነሣ ግን ዲላ መግቢያ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል ማለት ነው? በከተማው መሐል የሚያልፈው የሞያሌ መንገድ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ሲያመላልስ ያድራል። አቅራቢው ይህ ተነግሮት የመለሰው መልስ የሚናቅ አይደለም፦ «ታዲያ ቡናውን ሲወስዱ በዶላር፣ በሽታውን ሲመልሱ በነፃ?»

እዚህ ላይ ተረቡን ገልብጬ ወደ ላይ ልወርውረው። ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦሌ ደረሰ፤ ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል፣ ሕንድ አገር የተመረተ፣ 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ። ሚኒስትሮች ተቀበሉት፣ ካሜራ ተቀበለው። መጋቢት 4፣ በሽታው የገባበት ዓመት በሞላ ቀን፣ መከተብ ተጀመረ። እንግዲህ ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ ሰው ሁለት ዶዝ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የመጣው ለ1 ሚሊዮን 92 ሺህ ሰው ነው። አገሩ ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። ከመቶ ሰው ለአንዱ ማለት ነው። ለዘጠና ዘጠኙ ሳይመጣ፣ «አፍሪካውያን ክትባት ይጠራጠራሉ» የሚል የውጭ አገር ወሬ ስንሰማ ነበር። ወገኖቼ፣ ያልቀረበልኝን እንጀራ «አልበላም አለ» ብላችሁ ለጎረቤት አትንገሩብኝ!

ካናዳ በዚያ ጊዜ ለሕዝቧ ብዙ እጥፍ የሚበቃ ክትባት ውል አስራ ነበር። ካናዳዊው አንድ ክንድ ይዞ ይሆን አምስት፣ አይተን አናውቅም። ከዚያ ደግሞ ሕንድን በሽታው ሲያጥለቀልቃት ፋብሪካው ወደ ውጭ መላኩን ገታ፤ የመጀመሪያውን ዶዝ የወሰደ ሰው ሁለተኛውን ሲጠብቅ ከረመ። «ሁለተኛውን መቼ ልምጣ?» «እንደውልልሃለን።» ይህ «እንደውልልሃለን» የሚባል ነገር ሥራ ያመለከተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በስጦታ ወደ አፍሪካ የተላከውም አንዳንዱ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ነበር። ማላዊ በግንቦት 2013 ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ዶዝ ጊዜው አልፎባት በአደባባይ አቃጠለች። ስጦታም ስጦታ ነው ብለን እንዳናመሰግን፣ ከነማብቂያ ቀኑ ሲሰጥ ስሙ ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ መሐል የማይሳቅበት አንድ ነበር። እኛ መከተብ በጀመርንበት ሰሞን ዴንማርክ አስትራዜኔካን ለጊዜው አቆመች፤ ጀርመንና ፈረንሳይም ተከተሉ። የደም መርጋት ታይቷል በሚል ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ስልኩን ከፍቶ ዜናውን እያሳየ «እነሱ የጣሉትን ነው የምትሰጡን?» ብሎ ሲጠይቅ የጠየቀው በአግባቡ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በሳምንቱ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብለው ወሰኑ፤ መርጋቱም እጅግ አልፎ አልፎ እንደሚከሰት ታወቀ፣ ብዙዎቹ አገሮችም ዕድሜ እየለዩ ቀጠሉበት። ይህን በግልጽ የነገረ ባለሙያ ታመነ። «ምንም የለውም፣ ዝም ብለህ ተከተብ» ያለው ግን፣ ተማሪውን ማታ ሲያተኩሰው ወሬውን ሁሉ እውነት አደረገለት። አንዷ ነርስ የመለሰችውን ነው የወደድኩት፦ «አንድ ሁለት ቀን ያተኩስሃል፣ ራስህን ያምሃል። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ካየህ ሮጠህ ና። እነሱ ይህን ትተው የሚያነሡት ሌላ ብልቃጥ አላቸው፤ አንተ ምርጫህ ይኼ ወይ ፌጦ ነው።»

በእምነት በኩል የመጣውን ሙግት በቁምነገር ነው የማየው፤ ዞኑ ጸሎተኛ ነው። «ጌታ ይጠብቀኛል» የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም። ባጃጁን በዲላ ቁልቁለት ላይ ሲያወርድ ግን ጸልዮም ፍሬን ይይዛል። ኤክስቴንሽኗ ራሷ የመዘምራን አባል ናት፤ «ወንድሜ፣ አሜን ካልክ በኋላ ክንድህን ስጠኝ» ትላለች። ከዚህ በላይ ስብከት አላውቅም።

ዘመቻውን ደግሞ አንርሳ። ከኅዳር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ እንዲከተብ አገር አቀፍ ዘመቻ ተባለ። ዘመቻ ሲባል ምን ይቀድማል? ቲሸርት! ቀጥሎ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ባነር፣ ቀጥሎ የአበል ፎርም፣ ቀጥሎ የምሳ ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈ ክትባት። አንዱ ተሰብሳቢ የግንዛቤ ማስጨበጫውን ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሰምቶ ሲወጣ «ምን ጨበጥክ?» ሲሉት «ውሃና እስክሪብቶ» አለ። ባነሩ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ እናቲቱ የምትሰማው ጌዴኡፋ ነው። ባነሩም እሷም በየቋንቋቸው ዝም ተባብለው ዋሉ። ኤክስቴንሽኗ መጥታ በቋንቋዋ አንድ ነገር ስትላት ሳቀች፤ ምን እንዳለቻት አልገባኝም፣ መርፌው ግን ሲገባ አየሁ።

እና የአረብ አገሩ ነገር! ወሬኛው ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ተገኘ። ምን ተገኘ? ዱባይም ሳዑዲም ያለ ክትባት ካርድ አያስገቡም ተባለ። «ቺፑስ?» ቢሉት «ቪዛ ካለው ምን ቸገረኝ!»

ከሁሉም ግን የአንድ ሽማግሌና የኤክስቴንሽኗ ክርክር ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም እዚህ ሽማግሌው ለጥቂት አሸንፈዋል።

«አባባ፣ ይከተባሉ?»

«እኔ? ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ? ተይኝ ልጄ፤ ወጣቶቹን ያዢ።»

«ኮሮና ወጣት አይመርጥም፤ እንዲያውም የሚጠናው በትልልቅ ሰው ላይ ነው። ክንድዎ ላይ ያለችው ጠባሳስ ምንድን ናት?»

«እሷማ የፈንጣጣ ናት። ያኔ ልጅ ሆኜ፣ በእግራቸው መጥተው፣ በዚያች ሹካ በመሰለች መርፌ ጠቅ ጠቅ ጠቅ...»

«አሥራ አምስት ጊዜ ነው የሚወጋው አይደል? አሥራ አምስቱን ዝም ብለው ችለው ነው እኔን አንዷን የሚከለክሉኝ?»

«ፈንጣጣን እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፊቱ የተበሳሳ ጎረቤት ነበረኝ። ያንቺን ኮሮና ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።»

እዚህ ላይ ነው ያሸነፉት። ሹካ የመሰለችው መርፌ ኢትዮጵያ የገባችው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ሲጀመር ነው፤ የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ኦጋዴን ውስጥ የተመዘገበው በነሐሴ 1968፣ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው በሽተኛ ደግሞ ጎረቤት ሶማሊያ ውስጥ በጥቅምት 1970። በ1972 ዓ.ም. ዓለም ፈንጣጣ ጠፋ ብላ አወጀች፤ በዚያው ዓመት አገራችን የሕፃናትን መደበኛ ክትባት ጀመረች። ሽማግሌው የተከተቡት ሲያዩት ከኖሩት ነገር ለመዳን ነው። የዛሬዋ እናት ዲፍቴሪያ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም፣ ፖሊዮ ሽባ ያደረገው የመንደሯ ሰውም ብዙም የለ። ክትባት የሚያስፈራውን ነገር ከዓይን ሲያርቅ የራሱን ምስክር አብሮ ያርቃል። ታዲያ ለሽማግሌው ምን ተብሎ ይመለስላቸው? ኤክስቴንሽኗ ኤፒዴሚዮሎጂ አላወራችም።

«አባባ፣ አርሴናልንስ መቼ በአካል አይተው ነው እሁድ እሁድ ደም ግፊትዎ የሚነሣው?»

ተከተቡ። አርሴናል የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው ብዬ እንዳልጨምር ደጋፊዎቹን እፈራለሁ።

ሳቁን ለአፍታ ላቁመው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች በሰው ታጭቀው ነበር። ኩፍኝን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አንድ በኩፍኝ የታመመ ልጅ ባልተከተቡ ሰዎች መሐል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሕፃን ይዛ ለክትባት የተሰለፈች እናት ቺፕ አለው የለውም አልጠየቀችም። ወሬ ምቾት ይፈልጋል፤ በርጩማ፣ ቡና፣ ጊዜ። ይበቃል፤ ወደ ተረባችን።

ኮሮናን የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. «ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አይደለም» አለ። በሽታው ግን አለ፤ ደብዳቤው ነው ያለቀው። በኢትዮጵያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ሟች ብቻ ከ7,500 በላይ ነው። ያ ሁሉ ወሬ ግን ሥራ አልፈታም፤ አሁን የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያው ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የዓለም አቅርቦት ስላነሰ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር፤ በኅዳር 2017 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ላሉት ሁሉ በአንድ ዶዝ ተሰጠ። ካንሰሩ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። የልጅቷ አባት ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

«ልጄ ገና የ12 ዓመት ሕፃን ናት። የማሕፀን ካንሰር ከእሷ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምን እንድትሆንልህ ነው የምትፈልገው?» ትላለች ኤክስቴንሽኗ።

«ዶክተር ነዋ!»

«ስፔሻሊስት ሆና እስክትጨርስ ስንት ዓመት አላት?»

«አሥራ አምስትም ይሆናል።»

«ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስም ገብቶ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አሥራ አምስት ሃያ ዓመት ይፈጅበታል። አንተ አሥራ አምስት ዓመት አሻግረህ ስታይ ብልህ፣ እኛ ስናይ ተንኮለኛ የምንሆነው ለምንድን ነው?»

አባትየው ጭንቅላቱን አከከ። ከኋላው ያለው አባት «እኔ ለልጄ ያሰብኩት መሐንዲስ ነው፣ እሱ ስንት ዓመት ነው?» አለ፤ እሱም ተሰለፈ።

ተረቡን ሁሉ ለወሬኛና ለወላጅ ብቻ አካፍዬ ብሄድ አድልዎ ይሆናል። ጤና ኬላው ራሱ የሚገባው ድርሻ አለው። የኩፍኝ ክትባት ልጁ 9 ወር ሲሞላው አንድ፣ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛ ይሰጣል። ብልቃጡ የሚመጣው ለ10 ልጅ ተሞልቶ ነው፤ ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የቀረው ይደፋል። ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በበረዶ ሣጥን ተሸክመው፣ ሽቅብ ቁልቁል ብለው የሚያደርሱት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ብልቃጡ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ትንሽ ክብ አለች፣ መሐሏ ላይ ነጭ ካሬ። ሙቀት ሲነካት ካሬዋ እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቧ ቀለም ከተካከለች ክትባቱ ሞቷልና አይሰጥም። ኤክስቴንሽኗ ከማንም ቢሮ ሪፖርት በላይ የምታምነው ይህችን ካሬ ነው፤ ካሬዋ ለበላይ አካል ብላ ነጥታ አታውቅም።

ችግሩ ብልቃጡ ሲከፈት ነው። አንዲት እናት የቡና ለቀማዋን ትታ፣ ልጇን አዝላ፣ ከደጋው ቁልቁል ወርዳ ጤና ኬላው ትደርሳለች። የምታገኘው መልስ የሚኒባስ ረዳት መልስ ነው፤ ሳይሞላ አይነሣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ይላል፤ ሠራተኛዋ ግን ስንት ዶዝ እንደባከነ በወሩ መጨረሻ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ እጇ ይፈራል። ክርክሩን እንዳለ ላቅርበው።

«እህቴ፣ ዛሬ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ብልቃጡ የአሥር ልጅ ነው።»

«እና?»

«ሐሙስ ሌሎችም ሲኖሩ ተመለሺ።»

«እኔ የወለድኩት አንድ ነው። ዘጠኙን ከየት አምጥቼ ልሙላልሽ?»

«ቢከፈት ዘጠኝ ዶዝ ይባክናል። ባከነ ብዬ ፎርም ላይ መሙላት አለብኝ።»

«እኔ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀኔ ባክኗል፤ ቡናዬም ሜዳ ላይ ነው። እሱን የምትሞይበት ፎርም የትኛው ነው?»